ጥቂት ተመልካች ይዞ መዝለቅ፦ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች ላሉ ቪዲዮ ሠሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁም ቢሆን «የትናንቱን ስንት ሰው አየው?» የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላታችሁ ያልወጣ ወጣቶች፤

ንግግሬን በአንድ ቁጥር እጀምራለሁ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኢታን ዙከርማን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዩቲዩብ ላይ በእውነት ምን እንዳለ ለማወቅ ቪዲዮዎችን በዕጣ እያወጣ ያጠናል። ዩቲዩብ እኛ ፊት የሚደረድርልንን ትቶ፣ ማንም የማያየውንም ጭምር ይቆጥራል ማለት ነው። ካገኙት ነገር አንዱ የሚከተለው ነው፦ ቪዲዮዎቹን ሁሉ በብዙ ከታየው ጀምረን በጥቂቱ እስከታየው ብናሰልፋቸው፣ ልክ መካከል ላይ የሚቆመው የታየው 41 ጊዜ ብቻ ነው። ከ130 ጊዜ በላይ የታየ ቪዲዮ ከላይኛው ሢሶ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ሆመቾ ወይም ሺንሺቾ ላይ ሆኖ ቪዲዮ ለቅቆ 200 ሰው ያየለት ልጅ «አልተሳካልኝም» ሲል ስሰማ በሒሳብ ተሳስቷል እላለሁ። ከዓለም ቪዲዮ የሚበዛውን በልጧል። ይሁን እንጂ ይህን ብነግረው እንደማይጽናና አውቃለሁ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልጽናናም። ልጁ ራሱን የሚያስተያየው መካከል ላይ ከቆመው ጋር አይደለም፤ ስልኩ ከሚያሳየው ጋር ነው። ስልኩ የሚያሳየው ደግሞ ሚሊዮን ጊዜ የታየውን ነው። አርባ አንድ ጊዜ የታየውን ማን ያሳየዋል?

ብዙዎቻችሁ «ተስፋ አትቁረጡ፣ በርቱ፣ አንድ ቀን ይሳካል» የሚል ንግግር ጠብቃችሁ መጥታችሁ ከሆነ አዝናለሁ። እንዲህ ያለውን ምክር ከራሱ ከዩቲዩብ በነጻ ማግኘት ይቻላል። ደግሞም እውነት አይደለም። ሚስተር ቢስት የሚባለውን አሜሪካዊ ወጣት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በ13 ዓመቱ ጀምሮ፣ በጥር 2017 ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ ከአንድ እስከ መቶ ሺህ ሲቆጥር ነው ስሙ የወጣው፤ አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ይህን ታሪክ እየጠቀሱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉን ሰዎች አሉ። ነገር ግን ሳይፈለፈል የቀረውን እንቁላል የሚተርክልን የለም። አምስት ዓመት ሠርተው፣ ስድስተኛውንም ጨምረው፣ እዚያው 41 ላይ የቀሩት አይቆጠሩም። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ተመልካቹ ባይበዛስ? ሁልጊዜም ጥቂት ሆኖ ቢቀርስ? አንድ ሰው ይህን እያወቀ ሥራውን በደስታ ሊቀጥል የሚችለው በምንድን ነው?

በመጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሚያደርገን እንይ። የሥነ ልቦና ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግቦች ላይ ብዙ ሙከራ አድርጓል። ርግቧ የተዘጋጀላትን ቁልፍ በመንቁሯ በነካች ቁጥር ጥሬ ካገኘች፣ ጥሬው ሲቆም እሷም ቶሎ ትተወዋለች። ጥሬው አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚመጣ ከሆነ ግን ምንም ሳታገኝ ለረጅም ጊዜ ስትነካ ትኖራለች። ሌሊት በሰባት ሰዓት ስልኩን ከፍቶ «ቪው ጨመረ ወይ?» የሚለው ወጣት ሰነፍ ወይም ደካማ ስለሆነ አይደለም። ቁጥሩ አንዳንዴ ይጨምራል፣ ብዙውን ጊዜ ግን አይጨምርም፤ ይህ «አንዳንዴ» ነው እጁን ይዞ የማይለቀው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ የከፋ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ። መሣል የሚወዱ የአፀደ ሕፃናት ልጆችን መርጠው ለከፊሎቹ «ብትሥሉ የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን» አሏቸው፤ ልጆቹም ሣሉ፣ ወረቀቱንም ወሰዱ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ምንም ሳይላቸው ቀለሙና ወረቀቱ ሲቀርብላቸው፣ ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የነበሩት ልጆች በመሣል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሽልማቱ ፍቅሩን በላው ማለት ነው። ይህን ጥናት ባነበብሁ ቁጥር የማስባቸው ቪዲዮ መሥራት የጀመሩት ስለሚያስደስታቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያውን ወር ተመልከቱ፤ ሰው አየ አላየ፣ እየሳቁ ነው የሚቀርጹት። ከዚያ አንድ ቪዲዮ በድንገት 20 ሺህ ይታያል። ከዚያ ቀን ወዲያ ሳቁ ይጠፋል። ቀጣዩ 300 ሲታይ ቅሬታ ይሆናል፤ ትናንት በ300 ሰው የሚደሰት ልጅ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል አንድ ቪዲዮ ድንገት የተሳካለት ሰው አንዳንዴ ፈጽሞ ካልተሳካለት ይልቅ ቶሎ የሚተወው።

ስለ ገንዘብ አጠር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ የሚወራበት ነገር ቢሆንም የሚባለው ጥቂት ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቢያንስ 1,000 ሰብስክራይበርና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ላለው ቻናል ነው፤ በአጫጭር ቪዲዮ በኩል ያለው መንገድ የራሱ መስፈርት አለው። አራት ሺህ ሰዓት ስንት ነው? አንድ ተመልካች በአማካይ አራት ደቂቃ ከቆየ፣ በዓመት 60,000 እይታ ይጠይቃል። ይህ ቢሟላም እንኳ ኢትዮጵያ ገቢ ከሚካፈልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ለረጅም ዓመታት አልነበረችም፤ ብዙ የአገራችን ቻናሎች በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ አድራሻና ባንክ ሲሠሩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዘመድ ሲጣላ ቻናሉም ይጣላል። የቲክቶክ ላይቭና «ባትል» የሚባለው የላይቭ ውድድር ደግሞ ስጦታ ያመጣል፤ ነገር ግን የሚያመጣው ለሚጮኸውና ለሚሳደበው ነው፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከቪዲዮ እንጀራ እበላለሁ ብሎ ሌላ ሥራውን የሚተው ወጣት አይኑር። ሆሳዕና ላይ ሰርግና ምርቃት እየቀረጹ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ቻናል ለእነርሱ የሙያ ማሳያ መስኮት ይሆንላቸዋል፤ ገቢው የሚመጣው ከሰርጉ ነው። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተማሪ፣ ሱቅ የምትጠብቀዋ ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሁሉም ሥራቸውን ይዘው ሊቀርጹ ይችላሉ። የቤት ኪራይ ከቪዲዮው የማይጠበቅ ከሆነ፣ ቪዲዮው ነጻ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። አንድን ሰው ያለ ብዙ ተመልካች የሚያዘልቀው ለማን እንደሚሠራ በስምና በመልክ ማወቁ ነው። «ለሁሉም» የሚሠራ ሰው 200 ሰው ሲያየው ያዝናል፤ ከስምንት ቢሊዮን 200! ለአጎቱ ልጅ፣ ለቀበሌው ገበሬ፣ ለቡድኑ ደጋፊ የሚሠራ ሰው ግን 200 ሲያየው ማን ማን እንደሆነ ሊገምት ይችላል።

በዚህ በኩል የእኛ አካባቢ ከአዲስ አበባ የተሻለ ዕድል አለው ብዬ ስናገር የሚስቅብኝ እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ ልዘርዝር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሀዲያ ሕዝብ ከ1.2 ሚሊዮን፣ የከምባታ ከ600 ሺህ በላይ ነበር፤ ዛሬ እጅግ ይበልጣል። ሆሳዕና ራሷ ያኔ ወደ 70 ሺህ ሕዝብ ነበራት፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ያኔ ከምናውቃት ከተማ ሌላ መስላለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ ስልኩን ሲከፍት በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ የሚያገኘው ምንድን ነው? መዝሙር አለ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ዘፈንና ዜናም አለ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በአማርኛ የምግብ አሠራር የሚያሳይ አዲስ ቻናል ከሺዎች ጋር ይጋፋል። በሀዲይሳ አተካና የሚባለው ምግብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቡላው ምን ያህል ቅቤ እንደሚጠጣ፣ ወተቱ መቼ እንደሚገባ አያቷን እያስወራች የምትቀርጽ ልጅ የምትጋፋው ሰው የለም።

ተመልካቹስ የት ነው? ግማሹ እዚህ ነው፤ ግማሹ ጆሃንስበርግ ነው። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደውን ወጣት ቁጥር ማንም ቤቱን አይቶ ያውቀዋል፤ ወንድም፣ ልጅ፣ ጎረቤት ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። እዚያ ጄፒ መንገድ ላይ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ፣ አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ሌሊት ሲያርፉ የሚፈልጉት የሆሳዕናን ገበያ ጫጫታ ነው፤ በሀዲያ የያሆዴ በዓል ዕለት የሰፈራቸውን ሽማግሌ ምርቃት፣ በከምባታ የመሳላ በዓል የሚጨፈረውን ጭፈራ፣ ሐምበሪቾ ተራራ ላይ የወጣውን ጭጋግ ነው። ሐምበሪቾ ላይ 777 ደረጃ ተሠርቶ እንግዳ ሁሉ የሚቀርጸው ደረጃውን ሆኗል። ደረጃው መልካም ነው፤ ለእነዚያ ልጆች ግን የተራራው ሥር ያለው መንደር ነው የሚበልጥባቸው።

አንድ ሌላ ምሳሌ፤ ይህን ለምሁራን መተው ስለማልፈልግ ነው የማነሣው። በከምባታ ያገቡ ሴቶች የአማቶቻቸውን ስም ብቻ ሳይሆን በዚያ ስም የመጀመሪያ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ የማይጠሩበት ልማድ አለ፤ ባሊሻ ይባላል። በሀዲያም ይታወቃል። የአማቷ ስም በ«ላ» ከጀመረ፣ በ«ላ» የሚጀምረውን የዕለት ዕቃ ሁሉ በሌላ ቃል ትጠራለች፤ ለዚህም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መዝገበ ቃላት ነበር። ኢቮን ትራይስ የተባሉ ጀርመናዊት የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለዚህ ጥሩ ጥናት አሳትመዋል። የእኛ ልጅ ግን አያቱን ፊቱ አስቀምጦ «እማማ፣ ባሊሻ ስትጠብቂ እሳትን ምን ትይው ነበር?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቪዲዮ 90 ሰው ቢያየው ምን ይጎድለዋል? ከአሥር ዓመት በኋላ የሚፈልጉት ሰዎች አይኖሩም ብላችሁ ታስባላችሁ?

የሚጠቅም ነገር መሥራትም ሌላው መንገድ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ምን እንደሚያደርግ በዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ በበሽታው የተያዘውን የቆረጠ ቢላዋ ነው። ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፤ ባለሙያዎች ከዚህ ሌላ ብዙ የሚሉት የለም። ይህን በሀዲይሳ በሦስት ደቂቃ፣ እጅ እየታየ፣ በጓሮ የሚያሳይ ቪዲዮ ስንት ሰው ሊያየው ይችላል? ስምንት መቶ? ከስምንት መቶው ሃያ ቤት ቢላዋውን ካጸዳ፣ ያ ቪዲዮ ሚሊዮን ጊዜ ከታየ ቀልድ ይበልጣል። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ የሐደሮንና የአካባቢውን ዝንጅብል ሲያጠፋ እንዲህ ያለ መገናኛ በገበሬው እጅ አልነበረም። ዛሬ የገበሬው ልጅ ስልክ አለው። የዶዮገናን በግ ዝርያ በማኅበር ያሻሻሉት አርቢዎችም ጠቦት እንዴት እንደሚመርጡ ለሌላው ወረዳ ማሳየት ይችላሉ፤ እስካሁን የሚያሳዩት ለእንግዳ ተመራማሪ ነው። እግር ኳስ የሚወድ ደግሞ «ነብሮቹ» የሚባለው የሀዲያ ሆሳዕና ቡድን አለለት። የነብሮቹን ጨዋታ የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ደጋፊው ግን የተጠባባቂውን ግብ ጠባቂ ጉዳት ሳይቀር ማወቅ ይፈልጋል።

ከጥቂት ሰው ጋር መሥራትን ከዚህ ምድር የበቀለች አንዲት ሴት አሳይታናለች፤ ቪዲዮ ሠሪ ግን አልነበረችም። ቦጋለች ገብሬን ማለቴ ነው። ከምባታ ገጠር ተወልዳ፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመልሳ ከእህቷ ጋር ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ለአካባቢው ሰዎች ልትነግር ስትመጣ፣ ሰዎቹ የሚፈልጉት ወደ ገበያ የሚያሻግር ድልድይ መሆኑን ነገሯት። አልተቆጣችም፤ ድልድዩ እንዲሠራ አደረገች። ከዚያ በኋላ ነው የሚሰሟት ጆሮዎች የተገኙት። የሥራዋ ዋና መሣሪያም ትልቅ ስብሰባ አልነበረም፤ ሃምሳ ገደማ ሰው በክብ ተቀምጦ በወር ሁለት ጊዜ የሚነጋገርበት የማኅበረሰብ ውይይት ነበር። ወጣቱ፣ ሽማግሌው፣ ገራዧም ጭምር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ፣ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አድርጋ ተዳረች፤ ሙሽራውም በእሷ መኩራቱን የሚናገር ጽሑፍ ይዞ ነበር። ከዓመታት በኋላ በአካባቢው ጥናት ሲደረግ እጅግ የሚበዛው ሰው ድርጊቱ ይቁም የሚል ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂጉ የንጉሥ ባውዱዊን ሽልማት ለቦጋለች ተሰጠ፤ በ2012 ዓ.ም. ዐረፈች።

ልብ በሉ፤ ሃምሳ ሰው። ዛሬ አንድ ወጣት ላይቭ ከፍቶ ሃምሳ ሰው ሲገባለት ተናዶ ይዘጋዋል። የቦጋለች ውይይት ግን ሃምሳውን ሰው በወር ሁለት ጊዜ መልሶ ያገናኝ ነበር፤ የሚሉትም ይሰማ ነበር። ቦጋለች መጀመሪያ ድልድያቸው እንዲሠራ አደረገች። ከእኛ ቪዲዮ ሠሪዎች ስንቶቻችን ነን ተመልካቻችን ምን እንደቸገረው ጠይቀን የምናውቅ? «ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የቻናላችን ቤተሰብ ሁኑ» ማለትን ግን ሁላችንም አንረሳም።

ለሚሠሩት የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር። የእይታ ቁጥርን ማየት ተዉ ብል አትሰሙኝም፤ ስለዚህ ሌላ ቁጥር እዩ እላለሁ። ዩቲዩብ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮን ለሌላ ሰው የሚያቀርበው ስንት ሰው ነካው ከሚለው ይልቅ ለስንት ደቂቃ ታየ የሚለውን አክብዶ ነው። በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው በስንተኛው ደቂቃ እንደሚወጣ የሚያሳይ መስመር አለ። ያን መስመር በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀን ብርሃን ተቀምጣችሁ አጥኑት። በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ግማሹ ሰው ከወጣ፣ ምናልባት ሰላምታ አብዝታችሁ ይሆናል፤ በእኛ አገር ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ ሰላምታችን ከወሬያችን ይረዝማል። አሥር ሰው ብቻ አይቶ ስምንቱ እስከ መጨረሻው ከቆየ ግን ሥራው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ብዙ ሰው ዘንድ አለመድረሱ ብቻ ነው። ይህን መለየት ብዙ ሐዘን ያድናል። አንደኛው የሚታረም ነው፤ ሁለተኛው ጊዜና ዕድል ነው።

ብቻችሁን አትሥሩ። ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትታል፤ ደግሞም አንዱ ሲናገር ሌላው ይቀርጻል። ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ አንድ ቀን ለአንዱ፣ ሌላ ቀን ለሌላው መቅረጽ ለምን ይከብደናል? መብራት በሚጠፋበትና የኢንተርኔት ፓኬጅ ኪስ በሚጎዳበት አገር በየቀኑ እለቃለሁ ብሎ መማልም ስሕተት ነው። በወር ሁለት በቂ ነው፤ ያውም ዐውደ ዓመት፣ አዝመራና ፈተና ሲመጣ ማረፍ እንደሚኖር አስቀድሞ እየተናገሩ። አራት ቀርጾ ሁለት አስቀምጦ መልቀቅ ከጭንቀት ያድናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በአገር አቀፍ ደረጃ ተገድበው እስከ ሐምሌ ለአምስት ወር ያህል እንደቆዩ ታስታውሳላችሁ። ሥራዬ ማለት መልቀቅ ነው ያለ ሰው ያን ጊዜ ሥራ ፈታ። ሥራዬ መቅረጽ ነው ያለ ግን አምስት ወር ሙሉ የሚቀርጸው ነገር አላጣም።

ላይቭና ስድብን አነሣለሁ ብዬ ነበር። ተመልካች ያነሰው ሰው የሚፈተነው በዚህ ነው። ጎሳን በጎሳ ላይ የሚያነሣሣ አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ዓመት ሥራ የበለጠ ሰው ይሰበስባል፤ ማንም ያውቀዋል። ሕጉን ለማስታወስ ያህል፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱ ይከብዳል። እኔን ግን ከሕጉ በላይ የሚያስጨንቀኝ በአካባቢያችን ያለ ሌላ ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካ ደርሶ መኪና ተደግፎ የሚቀረጽ ወጣት ቪዲዮ እዚህ ምን ያህል እንደሚታይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ታፍነው ሞተው ተገኙ። የዚያን መንገድ እውነት ደርሶበት የተመለሰ ሰው ቢተርከው እይታው መኪና ተደግፎ የተቀረጸውን እኩሌታ እንኳ አይደርስም። ይሁን። መኪናውን ካዩት 50 ሺህ ሰዎች ይልቅ፣ ለደላላ ሊከፍል ብር እየሰበሰበ ያለ አንድ ልጅ ያንን ቢያይ ይሻላል። ቪዲዮ ሠሪ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ነኝ ማለት አይችልም።

ድሆችን በካሜራ ፊት አስለቅሶ ብር መሰብሰብንም እዚሁ ላይ ላንሣ። በበጎ ልብ የሚሠሩት አሉ፤ አውቃለሁ። ግን የጎረቤቱን ችግር ሲቀርጽ ፈቃድ የማይጠይቅ ሰው፣ ነገ ያቺ እናት ገበያ ወጥታ እንዴት እንደምትታይ ያስብ።

ደግሞም መተው ነውር አይደለም። ይህን በአደባባይ የሚናገር ስለሌለ እኔ ልናገረው። አንድ ዓመት ሠርታችሁ፣ ለማን እንደምትሠሩ አውቃችሁ፣ ደስታው ግን ከጠፋ፣ ተዉት። በአካባቢያችን ያለ ቪዲዮ ሠሪ ለማንም ውል አልገባም። የጊታር ልምምድ፣ የቀበሌ ቡድን አሠልጣኝነት፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አለ። ደስታው ሲመለስ ቻናሉ እዚያው ይጠብቃል።

ለቀጠላችሁት አንድ የምለምነው አለኝ፤ ይህን ብዬ እቀመጣለሁ። ዩቲዩብም ቲክቶክም የሰው ቤት ናቸው። ገጽ ይዘጋል፣ ቻናል ይሰረቃል፣ የይለፍ ቃል ከስልኩ ጋር ይጠፋል፤ የአያታችሁም ድምፅ አብሮ ይጠፋል። የዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያዎቻችንና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሀዲይሳና በከምባቲሳ የተቀረጹ ሥራዎችን ቅጂ የሚቀበል አንድ ክፍልና አንድ ኮምፒውተር ቢመድቡ ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል፤ በዚህ ስብሰባ ያላችሁ ኃላፊዎች ጉዳዩን እንድታዩት እጠይቃለሁ። እናንተ ሠሪዎች ግን እነርሱን አትጠብቁ። የቀረጻችሁትን ዋና ቅጂ፣ የተቀረጸውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ቀበሌውን ጽፋችሁ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ አንዱን ቤታችሁ፣ ሌላውን ዘመድ ቤት አስቀምጡ።